«እንቆቅልሽ» ስለ ተባለው መጽሐፍ

ወጣቶች ሆይ፥ ጃን ሞሪስ የተባሉ የብሪታንያ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙትን፥ ስሙ በአማርኛ «እንቆቅልሽ» ሊባል የሚችለውን መጽሐፍ፥ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በቀሰምሁት እንግሊዝኛ እዚህ ዲላ አነበብሁት። ወዳጆቼ ነውር ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ያላነበቡትን መንቀፍ አልወድም።

ጸሐፊው የኤቨረስት ተራራ መወጣቱን በ1953 ለታይምስ ጋዜጣ ያበሰሩ፥ ወይዘሮ ኤልሳቤጥን በ1949 አግብተው ልጆች ያፈሩ ሰው ናቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ግን ራሳቸውን በልባቸው ሴት አድርገው ያውቁ ነበርና፥ በ1972 ካዛብላንካ ሄደው ቀዶ ሕክምና አደረጉ። (አማርኛችን «እሳቸው» የሚል ፆታ የማይለይ የአክብሮት ቃል ስላለው እኔ ከመቸገር ድኛለሁ።)

የአጻጻፉን ውበት አደንቃለሁ። ጉድለቱ ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ብዙ ተመስግነው እምብዛም አለመናገራቸው ነው። በጌዴኦ ሶንጎ እንኳ የአንድ ወገን ቃል ብቻ ተሰምቶ ነገር አይቆረጥም። የዚያን ጊዜው ሕግ ሁለት ሴቶች በጋብቻ እንዲኖሩ ስለማይፈቅድ ተፋቱ፤ ቤተሰብነታቸው ግን አልፈረሰም፤ በ2008ም በሕግ አጋርነት ዳግመኛ ተፈራረሙ። ሚስቲቱ በእነዚያ ዓመታት ለልጆቻቸው፥ ለጎረቤትም፥ በየዕለቱ ምን እያሉ እንደ መለሱ ገጹን ባገላብጥ ባገላብጥ አላገኘሁትም።