የታረመ ቃልና የለመደ ጆሮ
በ«ፋይናል ፋንታሲ» ጨዋታዎች ዳግም ትርጕምና ዳግም ሥሪት ላይ የቀረበ ሂስ

፩. መነሻ

መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የሚጋፈጠው ጥያቄ አለ። ይኸውም ሲፈጠር ስሕተት የነበረ፥ ነገር ግን በተጠቃሚው አፍ ገብቶ ልማድ የሆነ ቃል ይታረም ወይስ እንዳለ ይመዝገብ የሚለው ነው። ጥያቄው በቅዱሳት መጻሕፍት፥ በሕግና በሳይንስ ትርጕም ረገድ የቆየ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን የምንመረምረው ብዙዎቻችን የልጆች ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብለን ችላ በምንለው መስክ፥ ማለትም በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ነው። በተለይም ተጫዋቹ የታሪኩን ባለቤቶች ሚና ተላብሶ፥ ንግግራቸውን እያነበበ፥ ለብዙ ሰዓታት ከሚጓዝበት «የሚና ጨዋታ» ከሚባለው ዓይነት ላይ እናተኵራለን፤ የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ አብዛኛው ጣዕም በጽሑፉ ላይ የተመሠረተ ነውና።

ምሳሌ የምናደርገው ስኩዌር በተባለው የጃፓን ድርጅት የተሠሩትን የ«ፋይናል ፋንታሲ» ተከታታይ ጨዋታዎች ነው። እነዚህ ጨዋታዎች በ1990ዎቹ ወደ እንግሊዝኛ ሲመለሱ የተሰጣቸው ቃል ዛሬ በሁለት ወገን በመታረም ላይ ይገኛል። አንደኛው ወገን ጨዋታውን አድሶ ወይም እንደገና ሠርቶ የሚሸጠው አሳታሚ ነው። ሁለተኛው ወገን ያለ ክፍያ፥ በፍቅር ብቻ የሚሠራው ተጫዋች ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፪. የቦታ ጥበትና የቃል ዕጣ

አራተኛው «ፋይናል ፋንታሲ» በ1991 በጃፓን ወጥቶ በዚያው ዓመት በአሜሪካ ታተመ። የተቀመጠበት ካርትሪጅ 8 ሜጋቢት፥ ማለትም 1 ሜጋባይት ብቻ ይይዝ ነበር። በዚህ ጠባብ ስፍራ ውስጥ ሥዕሉ፥ ዜማው፥ ስሌቱና ጽሑፉ ተጨናንቀው ይኖራሉ።

የጃፓን ካና እንደ እኛ ፊደል አንዱ ምልክት በመሠረቱ አንድ ቀለም የሚወክልበት ጽሕፈት ነው። ስለዚህ ጨዋታው የእሳትን አስማት በሦስት ደረጃ ከፍሎ «ፋይአ»፥ «ፋይራ»፥ «ፋይጋ» ሲል እያንዳንዱ ስም በአራት ምልክት ይጠቃለላል። በላቲን ፊደል ግን ሦስተኛው ስም ስድስት ምልክት ይፈልጋል፤ የመብረቁና የበረዶው ስሞች ደግሞ ስምንት ይደርሳሉ። ለስሙ የተተወው ቦታ አምስት ያህል ስለ ነበር፥ ተርጓሚዎቹ «ፋየር 1»፥ «ፋየር 2»፥ «ፋየር 3» ብለው በቍጥር ተገላገሉ።

እዚህ ላይ የጠፋው ጌጥ ብቻ አለመሆኑን ልብ ማለት ያሻል። በጃፓንኛው ውስጥ «ራ» እና «ጋ» ቅጥያዎች ናቸው። ከእሳት ወደ በረዶ፥ ከበረዶ ወደ መብረቅ፥ ከመብረቅ ወደ ፈውስ እየተዛወሩ ያንኑ ደረጃ ያመለክታሉ። ተጫዋቹ አዲስ ስም ባየ ቍጥር ሳይነገረው ኀይሉን ይገምታል። ይህ በሥነ ቃል ምዕላድ ትምህርት የምናውቀው ፍሬያማ ቅጥያ ነው። ቍጥሩም ደረጃን ማመልከቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ቃሉን ወደ መዝገብ ተራ ቍጥር አወረደው። ጨዋታው በኋለኞቹ ዓመታት ሰፊ ማኅደር ሲያገኝ፥ ከስምንተኛው ክፍል (1999) ጀምሮ በእንግሊዝኛውም «ፋይራ» እና «ፋይራጋ» ተመለሱ። ዛሬ የተጫዋቹ ወገን እነዚህን እንደ ተራ ቃል ይጠቀምባቸዋል።

፫. ያለ ደመወዝ የሚተረጕሙ

አምስተኛው ክፍል በ1992 በጃፓን ቢወጣም እስከ 1999 ድረስ በእንግሊዝኛ አልታተመም። ክፍተቱን የሞሉት አፍቃሪዎቹ ናቸው። አርፒጂኢ በሚል ስም የተሰባሰቡ ወጣቶች በ1990ዎቹ መጨረሻ ጨዋታውን በራሳቸው ተርጕመው አሠራጩ።

የአሠራራቸው ስልት ለቋንቋ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ከካርትሪጁ የተቀዳውን ቅጂ ከፍተው፥ የትኛው ቍጥር የትኛውን ምልክት እንደሚወክል የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያዘጋጃሉ፤ ይህም ያልታወቀ ጽሕፈትን ከመፍታት ጋር ይመሳሰላል። ከዚያ ጽሑፉን ያወጣሉ፤ ይተረጕሙታል፤ ረዝሞ ከቦታው ሲተርፍ ወደ ሌላ ስፍራ አዛውረው አቅጣጫ ጠቋሚውን ያስተካክላሉ። የሚያሠራጩት ግን ጨዋታውን ሳይሆን ልዩነቱን ብቻ ነው። በየትኛው ስፍራ ምን ያህል ፊደል በምን ይተካ የሚል ትንሽ ፋይል ብቻ ለተጫዋቹ ይደርሰዋል።

በ1999 ኦፊሴላዊው ትርጕም ሲወጣ የተገኘው ውጤት አስገራሚ ነው። ብዙ ተጫዋቾች የወጣቶቹን ትርጕም መረጡ፤ ምክንያትም ነበራቸው። «ዋይቨርን» የተባለው ሁለት እግር ያለው ባለ ክንፍ ዘንዶ ከእንግሊዝኛ ወደ ካና ሲገባ «ዋይባን» ይሆናል። ኦፊሴላዊው ተርጓሚ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ዘንዶውን አላወቀውም። የመጀመሪያውን ክፍል «ዋይ» የተባለው የላቲን ፊደል አድርጎ፥ የቀረውን ደግሞ «በርን»፥ ማለትም «መቃጠል» ብሎ ጻፈው። ቃሉ ከአገሩ ወጥቶ ሲመለስ የገዛ ወገኑ ሳያውቀው ቀረ ማለት ነው። የድምፅ ሥርዐትን ሳያገናዝቡ የውጭ ስምን በፊደል የሚገለብጡ ሁሉ ይህን ምሳሌ ቢያስታውሱ ይጠቅማቸዋል።

ነገር ግን አፍቃሪ ሁሉ ትክክል፥ አሳታሚ ሁሉ ስሑት ነው ማለት አይቻልም። በአፍቃሪዎች ሥራ ውስጥ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ሕመም አለ። ይኸውም «ታማኝነት» በሚል ስም የጃፓንኛውን ዐረፍተ ነገር ቅርጽ ወደ እንግሊዝኛ መጎተት ነው። የተናጋሪው ዕድሜ፥ ማዕርግና ጠባይ በጃፓንኛው በተውላጠ ስምና በግሥ መድረሻ ይገለጻል። ያንን ትቶ የቃሉን ፍቺ ብቻ ያሻገረ ሰው ሁሉንም ገጸ ባሕርያት በአንድ አፍ ያናግራቸዋል። የዚህ ተቃራኒ የሆነው መልካም ምሳሌ በ2006 በጃፓን ብቻ የታተመው «ማዘር 3» የተባለው ጨዋታ ነው። በሞያው ተርጓሚ የሆነው ክላይድ ማንደሊን የመራው ቡድን በ2008 ያወጣው ትርጕም ቀልዱን በቀልድ፥ ኀዘኑን በኀዘን የመለሰ በመሆኑ የአፍቃሪ ሥራ ከባለሞያ ሥራ እንደማያንስ አሳይቷል።

፬. ዕንቍ የሆነው ቅዱስ

ስድስተኛውን ክፍል በ1994 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ቴድ ዉልሲ ነው። የቦታው ጥበት እንዳለ ሆኖ፥ ያን ጊዜ የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ሃይማኖት ነክና መጠጥ ነክ ቃላትን አያሳልፍም ነበር። በዚህም ምክንያት «ቅዱስ» የተባለው የብርሃን አስማት በአራተኛው ክፍል «ነጭ»፥ በስድስተኛው ደግሞ «ዕንቍ» ተባለ። መጠጥ ቤቱም ቡና ቤት ሆነ።

የኋላ ሰዎች ይህን ትርጕም በሁለት መንገድ አርመውታል። አንዱ መንገድ ሙሉ በሙሉ አፍርሶ እንደገና መተርጐም ነው። ሌላው፥ ለዚህ ጸሐፊ የበለጠ የተመቸው፥ የዉልሲን ጽሑፍ መሠረት አድርጎ የተሸፋፈነውን መግለጥና ግልጽ ስሕተቱን ብቻ ማቅናት ነው። ዉልሲ «ሳይሸፈን» በሚል መንፈስ የተሰየመው የአፍቃሪዎች እትም ይህን መንገድ የተከተለ ነው። የዚህ እትም አዘጋጆች የተረዱት ነገር አለ። አንድ ትውልድ ጨዋታውን ያወቀው በዉልሲ ቃል ነው። የእብዱን ባለ ሥልጣን የከፍካን ስላቅ በጃፓንኛው አልሰማም። ስለዚህ የዉልሲ ጽሑፍ ራሱ በቅርስነት የሚጠበቅ ሁለተኛ ምንጭ ሆኗል።

፭. አንድ ስድብ

የክርክሩ ጫፍ የሚታየው በአራተኛው ክፍል ውስጥ ባለች አንዲት ስድብ ላይ ነው። ሽማግሌው ጠቢብ ቴላ ልጁን ያጣው በበገና ደርዳሪው በኤድዋርድ ምክንያት መስሎት በቍጣ ይነሣበታል። በጃፓንኛው የሚለው «ኪሳማ» የሚል አንድ ቃል ነው። ይህ ቃል የንቀት «አንተ» ነው። እንግሊዝኛ በተውላጠ ስም ንቀትን መግለጥ ስለማይችል፥ የ1991ዱ ተርጓሚ በፍቅር የሚጃጃልን ሰው የሚያመለክት «ስፑኒ» የተባለ ያረጀ ቅጽል አምጥቶ ከ«ባለ ቅኔ» ጋር አጋጠመው። ብዙ አንባቢ ቃሉን አያውቀውም ነበርና ስድቡ ለዓመታት መሣቂያ ሆነ። ይሁን እንጂ መዝገበ ቃላት ቢገለጥ ቃሉ ለኤድዋርድ ጠባይ የሚስማማ ሆኖ ይገኛል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለእኛ ትምህርት ነው። በ2008 በአሜሪካ የወጣው ዳግም ሥሪት ጽሑፉን ሁሉ ከሥሩ ሲያድስ ይህችን ስድብ ግን ሳይነካ አለፋት። እዚህ ላይ አራሚው የተጠቃሚውን ልማድ ማክበሩ ትክክል ነው። አንድ አስተያየት ለመጨመር፥ ይህ ስፍራ ለአማርኛ ተርጓሚ ጭራሽ ባላስቸገረው ነበር። «አንተ አዝማሪ!» ማለት ይበቃዋል። ሞያውን ስድብ ያደረገው የአገራችን የቆየ አስተሳሰብ ቢያሳዝንም፥ ያንኑ ንቀት ያለ ቅጽል ያደርሰዋል።

፮. ስለ አንድ ስም

ሰባተኛው ክፍል በ1997 ሲወጣ አበባ ሻጯ ልጃገረድ በእንግሊዝኛ «ኤሪስ» ተባለች። ጃፓንኛ «ስሚዝ» በሚለው ስም መጨረሻ ያለው የእንግሊዝኛ ድምፅ ስለሌለው በካናው «ሱ» ብሎ ይጽፈዋል፤ «ስ»ንም እንዲሁ። ስለዚህ ከካናው ብቻ ተነሥቶ የትኛው እንደ ሆነ መለየት አይቻልም። ደራሲዎቹ ስሙን «ምድር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር አቀራርበው ነበርና፥ ከ2002 ወዲህ በወጡት ሥራዎች፥ በ2020ው ዳግም ሥሪትም ጭምር «ኤሪዝ» ሆና ቀረበች። የአፍቃሪዎች ዳግም ትርጕምም ይህን ይከተላል። እርማቱ በማስረጃ የተደገፈ ነው። ሆኖም በ1997ቱ ጨዋታ ተጫዋቹ ስሟን ራሱ ሊጽፍ ይችል እንደ ነበር ስናስታውስ፥ ያረጀውን ስም የሙጥኝ ያሉትን ሰዎች መሳለቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

፯. ለእኛ ስያሜ ሥራ

ከዚህ ሁሉ ለአማርኛ የሚተርፈው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ለመስኩ ራሱ ስያሜ ያስፈልጋል። ጨዋታውን ከሥሩ እንደገና መሥራትን «ዳግም ሥሪት»፥ አካሉን ሳይለውጡ ማጥራትን «እድሳት»፥ ተጫዋቹ በራሱ የሚያደርገውን ለውጥ «ማሻሻያ» ብንል ግልጽ ነው። ልዩነቱን ብቻ ለያዘው ፋይል «መጣፊያ» የሚለውን እናቀርባለን። በአማርኛ «ጣፈ» ልብስ መጣፍንም፥ በአነጋገር ልማድ መጻፍንም ስለሚገልጽ፥ ጽሑፍን በጽሑፍ ለሚጠግን ነገር የተሻለ ስም አይገኝም።

ሁለተኛው ነጥብ የቅጥያው ነው። የእሳቱን ሦስት ደረጃ «ፍም፥ ነበልባል፥ ሰደድ»፤ የብርዱን «አመዳይ፥ ውርጭ፥ በረዶ»፤ የሰማዩን «ብልጭታ፥ መብረቅ፥ ነጐድጓድ» ብንለው ቋንቋችን ያለ ብድር እንደሚበቃ ይታያል። ነገር ግን አንባቢው የበረዶውን ደረጃ ከእሳቱ ሊገምት አይችልም። ውበት ተገኝቶ ሥርዐት ይጐድላል። የስያሜ ኮሚቴ ዘወትር የሚመዝነው ይህንኑ ነው። አማርኛ ሥርዐትንም በራሱ መንገድ መፍጠር እንደሚችል «አርሶ አደር»፥ «አርብቶ አደር»፥ «ላብ አደር»፥ «ወዛደር» የሚሉት ይመሰክራሉ። አንዱን የሰማ ሌላውን ያለ አስረጂ ይረዳል። ከነዚህም ላብ አደርና ወዛደር ለአንድ ነገር ተወዳድረው ሲቀርቡ፥ የሚያመዝነውን የለየው የተጠቃሚው አፍ ነው።

ሦስተኛው የፊደል መልክ ነው። ከ2021 ጀምሮ አሳታሚው የመጀመሪያዎቹን ስድስት ክፍሎች አድሶ ሲያወጣ፥ የእንግሊዝኛው ፊደል ቅርጽ ተጫዋቾችን አላስደሰተም። ወዲያው በራሳቸው መጣፊያ ለወጡት። በ2023 ለሌሎች መጫወቻ መሣሪያዎች የቀረበው እትም የቀድሞውን የሚመስል ፊደል በአማራጭነት ጨመረ። አንባቢ ለፊደሉ ቅርጽ ይህን ያህል እንደሚገደው፥ የግእዝን ፊደል ለኮምፒዩተር የሚቀርጹ ሁሉ ሊገነዘቡት ይገባል።

፰. መደምደሚያ

እንግዲህ በመግቢያው ወደ ተነሣው ጥያቄ ስንመለስ፥ ይታረም ወይስ ይመዝገብ የሚለው ምርጫ የሐሰት ምርጫ ሆኖ እናገኘዋለን። የብራና ጸሐፊዎቻችን የተሳሳተውን ቃል ከላይና ከታች በጭረት ይከቡታል፤ የተዘለለውንም በመስመሮች መካከል ወይም በኅዳግ ይጨምሩታል። አንባቢው የታረመውን ያነባል፥ የቀድሞውንም ያያል። በጨዋታዎቹ ላይ የምናቀርበው ወቀሳ ከዚህ የመነጨ ነው። አሳታሚው አዲሱን ሲያወጣ አሮጌውን ከገበያ የሚያነሣ ከሆነ ምስክር እየደመሰሰ ነው። አፍቃሪውም የራሱን ቃል ከደራሲው ቃል ሳይለይ ከጨመረ ያንኑ ጥፋት ፈጽሟል። ልዩነቱ የአፍቃሪው መጣፊያ ከዋናው ጨዋታ ተለይቶ መቀመጡ ነው። የፈለገ ይለጥፈዋል፤ ያልፈለገ ይተወዋል፤ ተመራማሪም ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያያል። በዚህ ረገድ ያለ ደመወዝ የሚሠሩት ወጣቶች፥ ምናልባት ሳያስቡት፥ ከድርጅቶቹ ይልቅ ለሊቃውንቱ ልማድ ቀርበዋል።

የእኛም የስያሜ መዝገቦች ይህን ሊያደርጉ ይገባል። አዲስ ቃል በጸደቀ ቍጥር የተተካው ቃል፥ የወጣበት ዓመትና የተተካበት ምክንያት ከጎኑ ይጻፍ። ቃሉ ባይወደድ እንኳ መመለሻ መንገድ ይኖረዋል፤ የሚመጣውም ትውልድ እኛ የመረጥነውን ብቻ ሳይሆን የጣልነውንም አይቶ ይፈርዳል።