ከልብ ወደ ወረቀት የወጣ ሙያ

«ሙያ በልብ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሚያወድሰው ሳያወራ የሚሠራውን ነው። ይሁን እንጂ በልብ ብቻ ያለ ሙያ ከባለሙያው ጋር አብሮ ይቀበራል። ልብ ወለድና ግጥም ስንመዝን የምንኖር ሰዎች ስለ እጅ ሥራ የተጻፈ መጽሐፍ ሲያጋጥመን «ይህስ የቴክኒክ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይህ በእኔ እምነት ንቀት ነው። አንባቢውን ከወንበሩ አስነስቶ ብረት የሚያስቆርጥ መጽሐፍ በቃላት የሚሠራው ሥራ ቀላል አይደለምና ሊመረመር ይገባዋል።

ዛሬ የማነሣው መጽሐፍ እንግሊዛዊው መምህር ሮን ቻምፒዮን ጽፎት ሄይንስ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው ነው። ርእሱ «የራስዎን የስፖርት መኪና እስከ 250 ፓውንድ በወረደ ዋጋ ይሥሩ» እንደ ማለት ነው።

የመጽሐፉን ነገር ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ኮሊን ቻፕማን በ1957 ሎተስ ሰቨን የተባለችውን ትንሽ የስፖርት መኪና ሲያወጣ፣ በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ ያለቀ መኪና የግዢ ቀረጥ ይጣልበት ነበር። ተበታትኖ የተሸጠና ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው መኪና ግን ከዚህ ቀረጥ ያመልጣል። ስለዚህ ብዙ ሰው መኪናውን በሣጥን ተቀብሎ በየቤቱ ጋራዥ ሲገጣጥም ኖረ። በ1973 የቀረጡ ሥርዓት ሲለወጥ ይህ ጥቅም ቀረ፤ በዚያው ዓመት የሰቨንን መብት ኬተርሃም የተባለው ድርጅት ወሰደ። ቤት ውስጥ መኪና የመሥራት ፍቅር ግን ከቀረጡ ጋር አብሮ አልሞተም።

የቻምፒዮን ድፍረት ከዚህ ይጀምራል። በሣጥን የሚመጣውን ዕቃ እንኳ አትግዙ ይላል። ካሬ ቱቦላሬ ገዝታችሁ ሻንሲውን ራሳችሁ በይዱ፤ ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ ዲፈረንሻሉንና መሪውን ከአሮጌ ፎርድ ኤስኮርት ፍቱ፤ ገላውን በአሉሚኒየም ላሜራ አልብሱ ነው ምክሩ። አንባቢው ሰማው። በዚህ መንገድ የተሠሩት መኪናዎች «ሎኮስት» የሚል ስም ወጥቶላቸው የራሳቸው የእሽቅድምድም ውድድር እስኪኖራቸው ደረሱ። ስንቱ ልብ ወለድ ነው አንባቢውን እንዲህ ያንቀሳቀሰ?

የመጽሐፉ ጥንካሬ ቋንቋው ላይ ነው። ሮበርት ፒርሲግ በ1974 ባወጣው «ዜንና የሞተር ብስክሌት ጥገና ጥበብ» ውስጥ አልፈታ ያለች አንዲት ቪቴ ወደ ረጅም የፍልስፍና ሐተታ ታስገባዋለች። ፒርሲግን አከብረዋለሁ። ቻምፒዮን ግን ፍልስፍናውን ለአንባቢው እጅ ይተወዋል። እርሱ የሚነግረን ቱቦላሬውን በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ዘርግተን መጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ብቻ እንድናያይዘው ነው። ሙሉ ብየዳው የሚከተለው ማዕዘኑ ሁሉ ከተለካ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ ሙቀቱ ብረቱን ስቦ ሻንሲውን ያጣምመዋል። ይህ ደረቅ ምክር ነው። ሆኖም በውስጡ አንድ የሥራ ሥነ ምግባር አለ፦ ልታርመው የምትችልበት ጊዜ ሳያልፍ አትቸኩል።

ድክመቱስ? የመጀመሪያው ሽፋኑ ላይ ታትሟል። ያ 250 ፓውንድ አሮጌው መኪና በርካሽ ሲገኝ፣ መሣሪያው በቤት ሲኖር፣ የተረፈው ዕቃ ሲሸጥና የሠሪው ድካም ሳይታሰብ ሲቀር ብቻ የሚሠራ ሒሳብ ነው። ብዙ ሠሪዎች መጨረሻ ላይ ያወጡት በሺህ ፓውንድ የሚቆጠር ሆኗል። ከዚህም ሌላ ሒሳቡ ዕድሜ ነበረው። በ1980 መመረት ያቆመው ያ የኤስኮርት ዓይነት ያኔ አሮጌ ብረት ነበር፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ የሚሻሙበት ቅርስ ነው። ሄይንስ ራሱ በ2007 ክሪስ ጊብስ የጻፈውን አዲስ መጽሐፍ ሲያወጣ ኤስኮርትን ትቶ ወደ ፎርድ ሲየራ ዞሯል፤ ከርእሱም ላይ 250 ፓውንዱ ወርዷል።

ሁለተኛው ድክመት ልኬቱ ላይ ነው። በንድፎቹ ውስጥ ስሕተቶች ስለ ነበሩ አንባቢዎች እርማት አሰባስበው እርስ በርስ ተቀባበሉ። ከዚህ የተማሩት ትምህርት መጽሐፉ ሊያስተምር ካሰበው ይበልጣል እላለሁ፦ የሚቀጥለውን ብረት በወረቀቱ ልክ ከመቁረጥ በፊት እፊትህ ያለውን ክፍተት ለካ። ወረቀቱና ብረቱ ሲጣሉ ዳኛው ብረቱ ነው።

ሦስተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ሻንሲው በቶሎ ቅርጽ ይይዝና ሠሪውን ያስደስተዋል። ዓመታቱን የሚበላው ግን ሽቦው፣ የፍሬን ቧንቧው፣ ትናንሽ መያዣዎቹ ናቸው። መኪናው ተጀምሮ በጋራዥ ጥግ የሚቀረው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ ደግሞ አንባቢው በሚደክምበት በዚህ ቦታ ላይ ቃሉ ያጥራል። የገጣሚ ስሕተት ገጣሚውን ያሳፍራል፤ የፍሬን ስሕተት ግን መንገድ የሚሻገረውን ሰው ይገድላል። የእንግሊዝ መንግሥት በ1998 በቤት የተሠሩ መኪናዎች አንድ በአንድ እንዲመረመሩ ማዘዙ፣ በ2009ም ምርመራውን በሌላ ሥርዓት መተካቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ፍርዴ ምንድን ነው? መጽሐፉ በዋጋ ያባብላል፤ በሥራው ላይ ግን አያታልልም። ተራው ሰው ያልተነገረውን ሙያ በግልጽ ቋንቋ ስለ ነገረው ከነጉድለቱ ትልቅ መጽሐፍ ነው።

ወደ እኛ ስመለስ ቅናት ይይዘኛል። በመርካቶ፣ በሶማሌ ተራና በምናለሽ ተራ፣ ሌላው የጣለውን ብረት መልሰው ዕቃ ያደረጉ እጆች ሞልተዋል። ያ ሙያ ከዋናው ወደ ረዳቱ የሚያልፈው በአብዛኛው በዓይንና በቁጣ ነው። አንድ ባለሙያ ተነሥቶ በአማርኛ ልጽፈው ቢል የማሳስበው ሦስት ነገር ነው፦ የሚፈጀውን ገንዘብና ጊዜ ሳይቀንስ ይንገረን፤ ያበላሸውን ሥራ ከነምክንያቱ ይጻፍልን፤ ሰው ሊጎዳበት የሚችለው ምዕራፍ ከሁሉም ይርዘም። የቃላት ውበቱን ግድ የለም፣ እናግዘዋለን።