ሻንጣው ከኦዊኖ ሲታይ

በካምፓላ ኦዊኖ ገበያ፣ በይፋዊ ስሙ ቅዱስ ባሊኩዴምቤ በሚባለው፣ ከሰልባጅ ልብስና ጫማ ክምር አጠገብ ያገለገሉ ሻንጣዎችም ይሸጣሉ። የስድስት ዓመቷ የእህቴ ልጅ አንዱን ከፈተችና ውስጡን አይታ «ጋሼ፣ ቤቱስ የታለ?» አለችኝ። ጥያቄዋ የመነጨው ማታ ማታ እየተረጎምሁ ከማነብላት የክሪስ ኔይለር-ባየስቴሮስ የሥዕል መጽሐፍ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ የታተመው ይህ መጽሐፍ፣ «ሻንጣው» እንበለውና፣ ታሪኩ አጭር ነው። አቧራ የለበሰ፣ የደከመው እንግዳ እንስሳ ሻንጣ እየጎተተ ይመጣል። ወፍ፣ ጥንቸልና ቀበሮ ምን እንደያዘ ይጠይቁታል። የሻይ ሲኒ፣ ቀጥሎም ጠረጴዛና ወንበር፣ በመጨረሻም የእንጨት ጎጆ ከነኮረብታው ይላል። ልጆች የሚንከተከቱት እዚህ ላይ ነው። እንግዳው ሲተኛ ሻንጣው ይሰበራል፤ የሚገኘውም የተሰበረ ሲኒና አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ያ ጎጆ ይታያል።

የደራሲው ብልሃት ይህ ነው። «በውሸታሙ» ላይ የሳቀው ልጅ ገጹን ሲገልጥ ማንም ሳይቆጣው በራሱ ሳቅ ያፍራል። በእኛ ተረት ሳቁ ዘወትር በጅቡ ሞኝነት ላይ ነው፤ ጅቡም እስከ መጨረሻው ጅብ ሆኖ ይቀራል። የሉጋንዳው ጥንቸል ዋካይማ ቢሆን ኖሮማ፣ ሻንጣውን ሳይሰብር ከፍቶ መልሶ በቆለፈው ነበር!

ቅሬታዬ ሌላ ነው። መጽሐፉ የሚያነጋግረው የአስተናጋጁን አገር ልጅ ነው። ኡጋንዳ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ሕጓ ለስደተኛ የመሥራትና የመዘዋወር መብት ሰጥታለች፤ እዚህ ያደገ የሐበሻ ስደተኛ ልጅ ግን በመጽሐፉ ራሱን የሚያገኘው በባለሻንጣው ነው። ለእርሱ ዋናው ጉዳይ ሻንጣው ሲሰበር የሚሰማው ነው፤ ደራሲው ይህን በጥድፊያ አልፎት እንስሳቱ ሲኒውን ጠግነው፣ ትንሽ ጎጆ ሠርተው ይታረቃሉ። እንግዳው አንዲት የቁጣ ቃል እንኳ አልተሰጠውም። ይቅርታው ረክሷል እላለሁ።

መጨረሻው ላይ ለአራቱ አንድ ሲኒ ብቻ እንዳለ እያሳቀ ይነግረናል። የእህቴ ልጅ ግን አልሳቀችም። «የእነሱስ ሲኒ?» አለች፤ «አገራቸው አይደል እንዴ?»