አምስት ማይክሮን

አራት ኪሎ ሳይንስ ግቢ ባዮሎጂ የተማረ ሰው ማይክሮቶም ሲባል ወዲያው ይገባዋል። መዘውሩ በዞረ ቁጥር በሰም የደረቀው ሥጋ ምላጩን ይነካል፤ አምስት ማይክሮን ያህል የሳሳ ቅጠል ይወርዳል። የራስ ፀጉር ከዚህ ከአሥር እጥፍ በላይ ይወፍራል።

ከዚያ አራዳን አልፎ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕፃናትን የሚያክም ቀዶ ሐኪም ደግሞ በሚሊሜትር ይሠራል። አንዳንድ ልጅ ኩላሊቱ ከሽንት ቱቦው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጠቦ ይወለዳል፤ ሽንቱ ይታቆራል፣ ኩላሊቱ ያብጣል። አንደርሰንና ሃይንስ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተሙት ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል፦ የጠበበውን ቆርጦ መጣል፣ የቱቦውን አፍ በቁመቱ ሰንጥቆ ማስፋት፣ ከዚያ መልሶ መስፋት። ስፌቱ ሽንት ማሳለፍ የለበትም፤ ከጠበቀ ደግሞ ራሱ ያንቃል። ሃይንስ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ እጁ ያስታውቃል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ተቆርጦ የወጣው ቁራጭ ነው። ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፣ ሰም ይጠጣል፣ በበረዶ ይቀዘቅዛል፣ በማይክሮቶም ይቆረጣል። ቅጠሉ ለብ ባለ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ሽብሽቡ እንደ ነጠላ ይዘረጋል፤ ቴክኒሻኑ መስታወቱን ከሥሩ አስገብቶ ያነሳዋል። በማሶን ቀለም ሲነከር ጡንቻው ቀይ፣ ኮላጅን የተባለው የድጋፍ ፕሮቲን ሰማያዊ ይሆናል። በታመመው ቦታ ብዙ ጊዜ ሰማያዊው በቀዩ ቦታ ገብቶ ይገኛል። ቱቦው ሽንት እንዲገፋ ይቀሰቅሳሉ የሚባሉት የካሃል ሕዋሳትም በብዙ ጥናቶች ቀንሰው ታይተዋል። ተመራማሪዎች ከእነዚህ ምልክቶች የትኛው ልጅ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደሚያገግም አስቀድመው ማወቅ ይፈልጋሉ።

ይህ ሁሉ ልኬት የቆመው በቴክኒሻኑ እጅ ላይ ነው። ቅጠሉ አንዲት ቦታ ከታጠፈ እዚያ ውፍረቱ እጥፍ ይሆናል፣ ቀለሙም ይጠቁራል፤ ሰማያዊውን የሚለካው ኮምፒውተር ያንን እንደ ተጨማሪ ኮላጅን ሊቆጥረው ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ ይመሰገናል፣ ስላይዱን ያነበበው ፓቶሎጂስት ስሙ ይጻፋል፤ ያልታጠፈውን ቅጠል ያነሳውን ግን ማንም አይጠይቅም። አግባብ አይመስለኝም።

የትኛው ልጅ እንደሚያገግም መተንበይን የሚያከብደው ግን ቁራጩ የመጋጠሚያው እንጂ የኩላሊቱ አለመሆኑ ነው። የሚያገግመው ወይም ተጎድቶ የሚቀረው ኩላሊቱ ነው፤ ከሕፃን ኩላሊት ናሙና መውሰድ ደግሞ የመድማት አደጋ ስላለው ያለ በቂ ምክንያት አይደረግም። ስለዚህ ሐኪሙ ዛሬም የሚተማመነው በአልትራሳውንድና በኩላሊት ስካን ነው፤ ወላጆችም ልጃቸውን ይዘው በቀጠሮ ይመላለሳሉ።