ሰይጣን በእንግድነት ይግባ

አዳማ ላይ ቴአትር ከማለማምዳቸው ልጆች አንዱ፣ ከመጣ ወር ያልሞላው፣ «ጋሼ፣ ለሰይጣኑ ቀንድ ይሠራለት?» አለኝ። አይሠራለትም። ብዙ መድረክ አብሮኝ ያዘጋጀ አንድ ወዳጄ በዚህ አይስማማም፤ ቀይ መብራትና ጭስ ከሌለ ተመልካች አይደነግጥም ይላል። ማስደንገጥማ ማን ያቅተዋል!

በ1604 እ.ኤ.አ. በታተመው፣ አሁን በምንለማመደው የማርሎው «ዶክተር ፋውስተስ» ሰይጣኑ ሜፊስቶፊሊስ መጀመሪያ የሚመጣው አስቀያሚ መልክ ይዞ ነው። ፋውስተስ ራሱ ነው መልሶ የሚሰደው፤ የፍራንሲስካን መነኩሴ መስሎ እንዲመለስ ያዘዋል። ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። በተአምረ ማርያም የሚነገርለት በላዔ ሰብእ እንደ አብርሃም እንግዳ ተቀባይ ነበር፤ ሰይጣን በእንግዳ አምሳል ገባና ልጁን እንዲያርድለት ጠየቀው። በሩን የከፈተለት ደግነቱ ነው።

ያ ወዳጄ ደግሞ፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን ማክቤዝ ይጠቅስብኛል፤ ጠንቋዮቹ ያስፈራሉ ይላል። ያስፈራሉ፤ ግን ማክቤዝ ምንም አይፈርምም። ፋውስተስ ይፈርማል። ለ24 ዓመት አገልግሎት ነፍሱን በገዛ ደሙ ሲጽፍ ደሙ መሐል ላይ ይረጋል፤ ብዕሩ አልሄድ ይላል። ሜፊስቶፊሊስ እሳት አምጥቶ ያሟሟለታል። ልምምድ ላይ እዚህች ቦታ ስደርስ ሳምንታት እቆያለሁ። ተዋናዩ እሳቱን እየፎከረ ካመጣው አስቆመዋለሁ። ብርድ ለመታው ሰው ፍም እንደሚያቀብል ጎረቤት ነው መምጣት ያለበት።

እንዲህ የምደርቅበትን ምክንያት ስለ ቀንዱ የጠየቀኝ ልጅ አያውቅም። ልጅ ሳለሁ ወለንጪቲ ቤታችን አንድ አራጣ አበዳሪ መጣ። እናቴ ቡና አፈላች። በረካውን እስኪጠጣ ስለ ውሉ ትንፍሽ አላለም፤ የዝናቡን መዘግየት፣ የበሬዎቻችንን ጤንነት ጠየቀ። አባቴ መጻፍ ስለማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ። ሰውየው ነጭ መሐረብ ከኪሱ አወጣና የአባቴን ጣት ራሱ ጠረገለት፤ ቀስ ብሎ፣ የጥፍሩን ዙሪያ ሳይቀር። በዓመቱ በሬዎቹ ሄዱ።

ትናንት ያንኑ ልጅ አስነሥቼ ሰይጣኑን ተጫወት አልኩትና መሐረብ ሰጠሁት። መጀመሪያ ቸኮለ። «የአባትህን እጅ እንደምትጠርግ» አልኩት። ደገመው። የፋውስተስን ክንድ በአንድ እጁ ደግፎ ደሙን ቀስ ብሎ ጠረገለት። ፋውስተስን የሚጫወተው ልጅ ሳያስበው «እግዜር ይስጥልኝ» አለው።

ጽሑፉ ላይ የለችም። አስገብቻታለሁ።