ስለ ሕዝብ ፍልሰት የጻፉ ደራስያንና የአጋሮ አገር ምስክርነት

ስለ ሕዝብ ፍልሰት የሚጽፍ ሰው ሁለት ነገር ይፈለግበታል። አንደኛው መቍጠር ነው፤ ይኸውም ስንት ሰው ከወዴት ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ፥ ምን እንዳስነሣውና ምን እንዳሰፈረው መርምሮ ማስረዳት ነው። ሁለተኛው ማየት ነው፤ ይኸውም የፈለሰው ሰው ስምና ቋንቋ፥ ሐዘንና ተስፋ ያለው ፍጥረት መሆኑን አለመርሳት ነው። ብዙ ደራሲ ግን አንዱን ሲይዝ ሁለተኛውን ይጥላል። ከጅማ ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው አጋሮ፥ ያለችበት የጎማ አገር ከጥንት ጀምሮ ሰው ሲመጣበትና ሲሄድበት የኖረ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያሉትን ድርሰቶች ለመመዘን ትመቻለች።

በኢትዮጵያ ደራስያን ዘንድ በዚህ ነገር ቀዳሚው አባ ባሕርይ ናቸው። እኒህ መነኵሴ በጋሞ አገር ይኖሩ ነበርና በኦሮሞ ዘመቻ ንብረታቸው ተዘርፎ ተሰደዱ፤ በኋላም እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1593 ስለ ኦሮሞ መስፋፋት በግእዝ ቋንቋ አጭር ታሪክ ጻፉ። የተሰደደ ሰው ስለ አሳዳጁ ሲጽፍ ስድብ ብቻ እንዳይጽፍ ያሠጋል። አባ ባሕርይ ግን ምንም ቍጣቸውን ባይሸሽጉ፥ የነገዶቹን የትውልድ ሐረግ በሥርዓት ዘረዘሩ፤ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ሉባ ወደ ሌላው ሉባ እንደሚተላለፍ፥ እያንዳንዱም ሉባ የትኛውን አገር እንደ ወጋ በየስሙ ተናገሩ። ስለዚህ ድርሰታቸው የጦርነት ዜና ብቻ አይደለም፤ ያ ታላቅ ፍልሰት በምን ሥርዓት ይመራ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ከዚህ የሚበልጠው ግን በራሳቸው ወገን ላይ ያሳዩት ድፍረት ነው። በቍጥር ብዙ የሆነው የክርስቲያን ሕዝብ ስለ ምን ተሸነፈ ብለው ጠየቁ፤ መልሱንም የእግዚአብሔር ቍጣ ነው በማለት ብቻ አልዘጉትም። ሕዝቡን በ10 ክፍል ከፍለው፥ መነኮሳትንና ካህናትን ጭምር ቈጥረው፥ ወደ ጦር የሚሄደው አንዱ ክፍል ብቻ መሆኑን፥ በኦሮሞ ዘንድ ግን ሁሉም ተዋጊ መሆኑን አሳዩ። መነኵሴ ሆኖ የመነኮሳትን ስም ከማይዋጉት ጋራ መጻፍ ለሐቅ ያደረ ሰው ሥራ ነው።

ሆኖም ድርሰቱ ጕድለት አለበት። በርእሱ የተጻፈው ስም ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም አይደለም፥ ዛሬም እንደ ስድብ ይቈጠራል። ደግሞም ደራሲው መምጣቱን አዩ እንጂ መቀመጡን አላዩም። ከእርሳቸው በኋላ በጊቤ አገር የሆነውን፥ ይኸውም ከብት አርቢው ገበሬና ነጋዴ እንደ ሆነ፥ በ19ኛው መቶ ዘመንም ሊሙ እናርያ፥ ጎማ፥ ጉማ፥ ጌራና ጅማ የተባሉት አምስት መንግሥታት ቆመው እስልምናን እንደ ተቀበሉ፥ ሌላ ደራሲ ሊጽፈው ቀረ። ይህን ከጻፉት አንዱ መሐመድ ሐሰን ነው፤ መጽሐፉም ከ1570 እስከ 1860 ያለውን የኦሮሞ ታሪክ የሚናገር ሆኖ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1990 ታተመ። ከመጽሐፉ ትልቁ ትምህርት ሞጋሳ ስለሚባለው ሥርዓት የሚሰጠው ነው። በዚህ ሥርዓት ባዕድ የነበረ ሕዝብ በጎሣ ውስጥ እንደ ልጅ ተቈጥሮ ይገባል። ስለዚህ በካርታ ላይ የአገር ስም ሲለወጥ የፊተኛው ሰው ሁሉ ጠፍቷል ወይም ሸሽቷል ማለት አይደለም፤ ሰውየው በቦታው ሳለ ስሙና ቋንቋው ተለውጧል። ይህን ያልተረዳ ጸሐፊ የስምን መፍለስ ከሰው መፍለስ ጋራ ያምታታል።

ነገር ግን የነገሥታትና የጎሣዎች ታሪክ፥ ምንም በጥንቃቄ ቢጻፍ፥ የተሸጡትን ሰዎች ድምፅ አያሰማም። የጅማ ገበያ ሂርማታ ከቡናና ከዝባድ ሌላ የሰው ልጅ የሚሸጥበት ነበረ። ከዚሁ ከጊቤ አገር ከሊሙ እናርያ የወጣችው አስቴር ጋኖ ነፃ ተወልዳ ባርያ የሆነች ናት፤ ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በቀይ ባሕር ስትወሰድ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1886 የኢጣልያ መርከበኞች አስለቀቋት፥ የስዊድን ሚስዮንም ትምህርት ቤት አስተማራት። እርስዋም ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋራ በ1894 በኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ አወጣች፤ በውስጡም በልጅነትዋ የሰማችውን ተረትና ዘፈን ከአእምሮዋ አውጥታ ሰበሰበች። ይህን መጽሐፍ የቋንቋ ሊቃውንት ያመሰግኑታል፤ ስለ ሕዝብ ፍልሰት የሚጽፉ ግን ከቍጥር አያገቡትም። ይህ ስሕተት ነው። ከአገሩ በግድ የተነጠቀ ሰው ምን ይዞ እንደሚሄድ ከዚህ መጽሐፍ ይልቅ አብልጦ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል፤ ልጅቱ ከብት ወይም ርስት ይዛ አልሄደችም፥ ቋንቋዋን ግን ይዛ ሄደች።

በኤውሮጳ ስለ ፍልሰት ሕግ አወጣ የሚባለው ራቨንስታይን ነው። ይህ ሰው በ1885 የእንግሊዝን አገር የሕዝብ ቈጠራ መርምሮ፥ አብዛኛው ሰው ቅርብ መንገድ እንደሚሄድ፥ ወደ አንድ ቦታ የሚፈስስ ሕዝብ ሁሉ ደግሞ የሚመለስ ፈሳሽ እንዳለው ጻፈ። ይህ ሕግ በአጋሮ ግማሽ እውነት ሆኖ ይገኛል። ከመስከረም ማለቂያ እስከ ታኅሣሥ እሸት ቡና ሲቀላ፥ ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ከዳውሮ፥ ከከፋና ከከምባታ ለቃሚ ይመጣል፤ ለቀማው ሲያልቅም አብዛኛው ወደ ቤቱ ይመለሳል። መንገዱ ቅርብ ነው፥ መመለሻም አለው፤ እስከዚህ ድረስ ራቨንስታይን ልክ ነው። ነገር ግን ሕጉ የተሠራው በፈቃዱ ስለሚሄድ ሰው ነው። አስቴር ጋኖ ከሊሙ እስከ ቀይ ባሕር የሄደችበት መንገድ በዚህ ሕግ አይገኝም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ አንሥቶ፥ ጅማ ዋና ከተማው የነበረውን የከፋን ክፍለ ሀገር ጨምሮ፥ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ያሰፈረው 600 ሺህ ያህል ሕዝብም በዚህ ሕግ አይገኝም። ይህን ሕዝብ መደበኛ ሰፈራና ስግሰጋ በሚባሉት ሁለት ስሞች ብቻ ከፍሎ መጻፍ ለመዝገብ ይበቃል፥ ለታሪክ ግን አይበቃም። በ1992 እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር የወጣው የአሉላ ፓንክኸርስት መጽሐፍ የሚመሰገነው በወለጋ የሰፈሩትን ሰዎች ራሳቸውን ስለ ሰማ ነው።

የመንግሥት ቈጠራም ቢሆን ሳይመረመር አይታመንም። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቈጠራ በግንቦት 1976፥ ሁለተኛው በጥቅምት 1987፥ ሦስተኛው በአብዛኛው አገር በግንቦት 1999 ዓ.ም. ተደረገ፤ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስም አራተኛ አልተከተለም። በሦስተኛው ቈጠራ የአገሪቱ ሕዝብ ከ73 ሚሊዮን በላይ፥ የአጋሮ ከተማ ሕዝብም 25 ሺህ ያህል ሆኖ ተጻፈ። ግንቦት ግን የቡና ለቀማ ወር አይደለም። ስለዚህ በኅዳር የአጋሮን መንገድና የቡናውን መፈልፈያ የሚሞላው ሕዝብ በሌላ ወረዳ ተቈጥሯል። ቍጥሩ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ የአንድ ቀን እውነት ነው፥ ዓመቱን ሁሉ ግን አይናገርም።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው የጎማን አገር ማየት ይበቃዋል። ኦሮሞው በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ ጊቤ የገባው የአባቶቹ ልጅ ነው፥ ወይም በሞጋሳ የገባው የፊተኛው ባለ አገር ልጅ ነው፤ አማራው በምኒልክ ዘመን ከወታደርና ከካህን ጋራ የመጣው ወይም ከዚያ በኋላ የተከተለው ነው፤ ጉራጌው ለንግድ፥ ዳውሮው ለለቀማ መጥቶ የቀረ ነው። ማን ነባር ማን መጤ እንደሚባል የሚወሰነው ታሪኩን ከየትኛው ዓመት በመጀመር ነው። በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ በአጋሮ ዙሪያ በክርስቲያንና በእስላም መካከል በተነሣው ሁከት የሰው ሕይወት ጠፋ፥ ቤተ ክርስቲያንም ተቃጠለ። የዚያን ሁከት ምክንያት መፍረድ የመጻሕፍት መርማሪ ሥራ አይደለም። ጐረቤትን እንግዳ የሚያደርግ ቃል ግን አስቀድሞ በብዕር መጻፉን፥ ከብዕርም ወደ አፍ መውጣቱን መመርመር የእርሱ ሥራ ነው።

ስለዚህ ወደ ፊት ስለዚህ አገር የሚጽፍ ሰው ከአባ ባሕርይ በራስ ወገን ላይ እውነት መናገርን፥ ከአስቴር ጋኖ የተነጠቀውን ሰው ቃል መጠበቅን፥ ከቈጣሪዎቹም ልክና መጠንን ቢማር መልካም ነው። ካህናትም በየደብራቸው የጥምቀት መዝገብ ላይ የሕፃኑን ስም ሲጽፉ፥ አባትና እናቱ የተወለዱበትን አገር ጨምረው ቢጽፉ፥ በየመስጊዱም ያሉ ሽማግሎች የሚያውቁትን ቢያስጽፉ፥ ከ50 ዓመት በኋላ የሚነሣ ደራሲ በግምት አይጽፍም።