ስለ ኑምፓይ የመጫኛ መመሪያ፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ

ኑምፓይ የተባለው የፓይተን የስሌት ጥቅል፣ ኑሜሪክና ኑምአሬይ የተባሉት ሁለት ቀደምት ሥራዎች ተዋሕደው በትራቪስ ኦሊፋንት አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ግን ጥቅሉን ሳይሆን ለጀማሪ የቀረበውን የመጫኛ መመሪያ ነው።

መመሪያው በብዙ ረገድ ምስጋና ይገባዋል። ፒፕና ኮንዳ የተባሉትን መጫኛዎች ልዩነት ያስረዳል፤ ለእያንዳንዱም ሥራ የተለየ ክፍል እንዲከለል ይመክራል። ደግሞም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ «ዊል» የተባለው አስቀድሞ የተዘጋጀ ፋይል ስለ ተለመደ፣ ተጠቃሚው የሲ ኮምፓይለር ይዞ ጥቅሉን ከምንጩ ከመገንባት ድካም ድኗል።

ጉድለቱ በዝምታ ባለፈው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ኢንተርኔት ሁልጊዜ አለ ብሎ መነሣቱ ነው። «ፒፕ ኢንስቶል ኑምፓይ» የሚለው ትእዛዝ ፋይሉን የሚፈልገው ከሩቅ ማከማቻ ነው።

ይህ በሰሜን ወሎ ምን ማለት እንደ ሆነ እንመልከት። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ትምህርቱን መርሳ ላይ ይሰጣል፤ በዚያው በሀብሩ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማእከል ዝናም ለሚያጥርባቸው ቦታዎች የሚሆን የማሽላ ዘር ያወጣል። የሙከራው ውጤትና የዝናሙ መዝገብ ያለው እዚያ ስለ ሆነ፣ የስሌቱም መሣሪያ የሚያስፈልገው እዚያው ነው። ነገር ግን በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነት ተይዛ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፏል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ተማሪው መመሪያውን ቃል በቃል ቢከተልም የሚያገኘው የስሕተት መልእክት ብቻ ነው።

መፍትሔው በራሱ በፒፕ መመሪያ ውስጥ አለ፤ የሚያሳዝነው ጀማሪው በማያነበው ገጽ መገኘቱ ነው። «ፒፕ ዳውንሎድ» የተባለው ትእዛዝ መገናኛ ባለበት ቦታ ጥቅሉን ከነተደጋፊዎቹ በአንድ ማኅደር ያጠራቅማል። ማኅደሩ በፍላሽ ይወሰዳል። ከዚያም «ኖ ኢንዴክስ» እና «ፋይንድ ሊንክስ» የተባሉት ሁለት ምርጫዎች ታክለው ሲጫን፣ ፒፕ ወደ ውጭ ሳይጠይቅ ከማኅደሩ ያነሣል። አንድ የኑምፓይ ዊል ሃያ ሜጋባይት ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነውና ሸክሙ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ፋይሉ ከተቀባዩ ኮምፒውተር ሥርዓትና ከፓይተኑ ቁጥር ጋር መስማማት አለበት፤ ለምሳሌ ፓይተን 3.9 እና ከዚያ ወዲህ የወጡት በዊንዶውስ 7 ላይ አይጫኑም።

የተከማቸ ቅጂ ያረጃል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ማኅደሩ በየሴሚስተሩ ይታደስ፤ የያዛቸውም ጥቅሎች ከነቁጥራቸው ይመዝገቡ። መዝገቡ ሌላም ጥቅም አለው፤ ሁለት ተማሪዎች በአንድ የማሽላ ሙከራ ላይ የተለያየ ውጤት ቢያገኙ፣ ልዩነቱ ከመሣሪያው መሆን አለመሆኑን ለመለየት ይረዳል።

እንግዲህ የመጫኛ መመሪያ የሚጽፉ ሁሉ ኢንተርኔት በሌለበት የሚደረገውን በመጀመሪያው ገጽ እንዲያኖሩ፣ መምህራኖቻችንም ይህንኑ በአማርኛ አዘጋጅተው ከማኅደሩ ጋር በየላቦራቶሪው እንዲያስቀምጡልን እናሳስባለን።